ለገና የደረሰችው መኪና

የላክኋቸው ሽማግሌዎች ከቡሬ ገጠር ሲመለሱ ፍኖተ ሰላም አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሁለት አንጋፋ መምህራንና አንድ ቄስ ነበሩ። ፊታቸውን አይቼ መልሱን ልገምት ሞከርሁ፤ ነገር ግን ሽማግሌ የሄደበትን ጉዳይ በፊቱ አይናገርም።

«እንቢ አሉ?» አልኋቸው።

«እንቢስ አላሉም» አሉ ቄሱ ጋቢያቸውን ከአቧራ እያራገፉ። «እሺም አላሉም።»

ለትዳር ያስጠየቅኋት ልጅ እዚያው ፍኖተ ሰላም የምታስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች። አባቷ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚያርሱ፣ ዘራቸው ከአዊ የሆነ፣ አማርኛውንም አገውኛውንም እኩል የሚናገሩ ገበሬ ናቸው። ከዓመታት በፊት ታላቋን ልጃቸውን ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ድረው ነበር። ሰውየው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሩቅ አገር ተዛወረ፤ እሷም ተከትላው ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ የአባቷን ደጅ አልረገጠችም። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ የሰጡት መልስ ከዚሁ የመነጨ ነበር።

«መምህር የመንግሥት ዕቃ ነው» ብለዋቸዋል። «ዛሬ እዚህ ያስቀምጡታል፣ ነገ አንሥተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡታል። አውቶቡሱ እንደሆነ ሞልቶ ያልፋል። እኔ በዓል በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ቆሜ አቧራ አልቀበልም። የራሱ መመላለሻ ያለው እንደሆነ ለገና በዚያው ይምጣና ቤቴ ይዋል፤ ያኔ እንነጋገራለን። ከሌለው ግን ልጄ ጠያቂ አላጣችም።»

በእሳቸው አገር «የራስ መመላለሻ» ማለት በቅሎ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ተወልጄ ያደግሁ የፊዚክስ መምህር ነበርሁ። በቅሎ መግዛት ይቅርና በቅሎ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ነገሩ ሁሉ የዞረው በዚህ ላይ ነው።

የማታ ማታ መፍትሔውን ያመጣው የእጅ ሥራ መምህሩ ጓደኛዬ ነበር። እሱም የአዊ ልጅ ነው፤ ብረት እየሞረደ ካልሆነ በቀር ቁም ነገር አይናገርም።

«በቅሎ ባይኖርህ ሞተር አለን» አለኝ ቀና ሳይል።

እውነቱን ነበር። በእጅ ሥራ ክፍሉ ጓሮ ለማስተማሪያ ተብለው ከአንድ መሥሪያ ቤት የተሰጡን ሁለት አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ተጋድመው ነበር። አንደኛው አካሉ ተሰብሯል፣ ሞተሩ ግን ደኅና ነው። ሁለተኛው ሞተር የለውም፣ ጎማዎቹ ግን ደኅና ናቸው። በዚያ ላይ የመሣሪያ ሣጥን ተጠቅልሎበት የመጣ አንድ የሩሲያ ቋንቋ መጽሔት ነበረን። ከመካከሉ ሁለት ገጽ ሙሉ የአንዲት ትንሽ መኪና ንድፍ አለበት፤ ሰው ቤቱ ውስጥ ሊገጣጥማት የሚችል፣ በሞተር ሳይክል ሞተር የምትሄድ። ጽሑፉን የሚያነብልን አልነበረም። ንድፍ ግን በየትኛውም አገር ያው ንድፍ ነው።

ርእሰ መምህሩ ጥቂት አሰቡና ፈቀዱ፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን ነበራቸው። «ተማሪ ያልተማረበት ብሎን እንዳይታሰር» አሉ። እኛም ቃላችንን ጠበቅን። መስከረምና ጥቅምት ሙሉ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ኃይልና ስለ ሰበቃ የተማሩት በዚያች መኪና ላይ ነው።

አካሏን ከተሰባበሩ የብረት አልጋዎች ሠራን። ብየዳ ስላልነበረን ሁሉም በብሎን ነው የተያያዘው። የፊት ጎማዎቿ የሞተር ሳይክል፣ የኋላዎቹ የጋሪ ነበሩ። መቀመጫዋ ከተማሪ ዴስክ የተነቀለ አግዳሚ ነው፤ «ፊዚክስ ይውደም» የሚል በሚስማር የተፋቀ ጽሑፍ ነበረበትና ልንልገው አልቻልንም። ልብሷ ተቀጥቅጦ የተዘረጋ የበርሜል ቆርቆሮ ሆነ። ቀለም ስንፈልግ በትምህርት ቤቱ መጋዘን የተገኘው የሰሌዳ ቀለም ብቻ ስለነበር እሱኑ ቀባናት። በማግሥቱ ስንመጣ ተማሪዎቹ በጠመኔ «ለስላሳ መሬት ላይ ብቻ የሚነዳ» ብለው ጽፈውባት አገኘን።

ሞተር ሳይክልና መኪና በምን እንደሚለያዩ ሳላስረዳ ብቀጥል ቀሪው ታሪክ አይገባም። ሞተር ሳይክል የኋላ ማርሽ የለውም፤ ስለዚህ መኪናችን ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አትሄድም፤ ለማዞር ጅራቷን አንሥተን እንሸከማታለን። ሞተሩ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው። በመጀመሪያ ሙከራችን ቆርቆሮ ውስጥ ደብቀነው ስለነበር የኳስ ሜዳውን ዙረን ሳንጨርስ ትኩሳቱ አፈነውና ጠፋ። በኋላ በግራና በቀኝ ነፋስ የሚሰበስቡ ሁለት ትልልቅ የቆርቆሮ ጆሮዎች አበጀንለት። ሦስተኛው ልዩነት ነዳጁ ነው። በመኪና ነዳጅ የሚሰጠው በእግር ነው፤ እግር ሲነሣ ፍጥነቱ ይወድቃል። የሞተር ሳይክል ግን የሚጠመዘዝ የእጅ መያዣ አለው። የእኛው ደግሞ ከሥሩ ትንሽ ብሎን አለችው፤ እሷ ስትጠብቅ መያዣው የተዉት ቦታ ላይ ይቀራል። ጓደኛዬ ወደ እግር ሊለውጠው ፈልጎ ነበር፤ የሚመልስ ሞላ አጣንና እንዳለ ከመሪው ጎን አሰርነው። ደግ አደረግን።

ከተማው በነጻ አልተወንም። ዋናው መንገድ ላይ ለሙከራ ስንወጣ ጋሪ ነጂዎቹ አጅበው ይከተሉናል።

«መምህር፣ ፈረሱ የታለ?» ይላል አንዱ።

«ውስጥ ነው» ይላል ጓደኛዬ።

«ሣር ይዣለሁ፣ በየት በኩል ላጉርሰው?»

እሷ ደግሞ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ስትመለስ ታየንና ቆም ትላለች። «ገና ሩቅ አይደለም» ትለኛለች። መንገዷንም ትቀጥላለች። ይህ ከጋሪ ነጂዎቹ ሁሉ ይበልጥ ያስሮጠኝ ነበር።

በገና ዕለት ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር ተነሣን። እሷ በዋዜማው በአውቶቡስ ወደ አባቷ ሄዳለች። ቤንዚን በኩፖን በሚገኝበት ዘመን ከወራት ቁጠባ የሞላነውን ጀሪካን ከመቀመጫው ሥር አሰርነው። የላህን ወንዝ ተሻግረን ወደ ማንኩሳ ስናመራ ብርዱ ፊት ይሸረክታል፣ መኪናችን ግን እንደ ወፍጮ ድው ድው እያለች ትሄዳለች። የሚገፋት የግራው የኋላ ጎማ ብቻ ስለሆነ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ማዘንበል ትወዳለች፤ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ መያዝ ብቻ ነው። ግራና ቀኝ የጤፍ ክምር፣ የዳጉሳ ማሳ፣ ለበዓል ነጭ የለበሰ ሰው። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየናል፤ እኛም ሁሉንም «እንኳን አደረሳችሁ» እንላለን። ከአውቶቡስ መስኮት ሆኖ ይህን ማለት አይቻልም። እኛ ግን ከመሬት ብዙም ከፍ አላልንም፤ ፍጥነታችንም ለሰላምታ በቂ ጊዜ ይሰጣል።

ኬላው ላይ ጠባቂው ገመዱን ሳያወርድ ዙሪያዋን ዞረ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«መኪና» አልሁት።

«የመኪና ታርጋ የለውም።»

ጓደኛዬ ከኪሱ ጠመኔ አወጣና የሞተር ሳይክሉን ቁጥር ቆርቆሮው ላይ ጻፈለት። ጠባቂው በጣቱ ነካ አደረገው፤ ቁጥሩ ጣቱ ላይ ቀረ። ጣቱን ትንሽ አየው።

«እንደ መኪና አላሳልፍም» አለ። «እንደ ጋሪ ግን እለፉ።» ገመዱንም አወረደው።

ቡሬ ስንደርስ ገና እረፋድ ነበር። ከቡሬ ወጥተን የገበሬ ማኅበሩ ለእህል መኪና የጠረገውን መንገድ ያዝን። እስከዚህ ድረስ ሞተሯ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከፊታችን የቀረው አንድ አቀበት ብቻ ነበር። ከሥሩ ወንዶች ገና የሚጫወቱበት ሰፊ ሜዳ፣ ከአቀበቱ ወገብ ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ከጫፉ ደግሞ የአባቷ ቤት።

በአንደኛ ማርሽ አቀበቱን ተያያዝነው። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጋ ስንደርስ ጓደኛዬ ክንዴን ያዘኝ።

«እዚህ ይወረዳል» አለ። «ተቀምጦ በማርያም ደጅ የሚያልፍ የለም።»

«አውቶቡስ ላይ ሆነን ተሳልመን እናልፍ የለ?»

«አውቶቡስ ልጅ አይጠይቅም።»

ትክክል ነበር፤ ሰው ሁሉ ያየናል። አቆምሁ። ሁለታችንም ወርደን፣ ነጠላችንን አጣፍተን ተሳለምን። በዚያች ቅጽበት ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለና ጠፋ። ረግጠን አስነሣነው፤ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ሁለታችንንና ራሷን ከዚያ ዳገት ላይ ማንሣት አቅቷት እንደገና ጠፋች። ደግመን አስነሣን፤ ደግማ ጠፋች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ጓደኛዬ ድንጋይ ፈልጎ ከጎማዋ ሥር ወሸቀ።

የገና ተጫዋቾቹ ጨዋታቸውን ትተው እየሮጡ ወጡ። መጥፎ ሰዎች አልነበሩም። ዱላቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው፣ «ሆ» እያሉ፣ እየሳቁ ገፉን። አባቷ ከእንግዶቻቸው ጋር በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። እኔ መሪ ይዤ፣ መንደሩ ከኋላ እየገፋ ፊታቸው ደረስን።

አባቷ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጭራቸውን ከእጃቸው የማይለዩ ሰው ናቸው። መኪናይቱን አዩ፣ የሚገፉትን አዩ፣ እኔን አዩ።

«መጣችሁ ወይስ አመጧችሁ?» አሉ።

እንግዶቹ ሳቁ። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ጆሮዎቿን እየዳበሱ፣ «በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት እናቴ ባዝራ ናት አለ። የዚችስ እናት ማን ናት?» ብለው ጠየቁ።

«እናቷ ጋሪ ናት፣ አባቷ ሞተር ሳይክል» አለ ጓደኛዬ።

«እንግዲያ መካን ናት። ደግ ነው፤ ሁለተኛ አትወለድም።»

አባቷ ለጓደኛዬ በአገውኛ ረዘም ያለ ነገር ነገሩት። ወደ ቤት ስንገባ፣ «ምን አሉ?» አልሁት።

«በርታ አሉህ።»

«ያ ሁሉ በርታ ነው?»

«አገውኛ ረጅም ነው» አለና ዐይኑን ከእኔ አሸሸ።

ገበታው ቀረበ፤ ዶሮውም ጠላውም ሞልቷል። እኔ ግን በበሩ በኩል መኪናዋን አያለሁ። መኪናዋ በራሷ እግር ከፍኖተ ሰላም እስከ አቀበቱ ወገብ መጥታለች፤ የቀረው የአንድ ኳስ ሜዳ ርዝመት እንኳ አይሞላም። አባቷ የሚያዩት ግን ያችኑ የቀረችውን ነበር፤ ሊፈርድባቸው የሚችል ሰውም አልነበረም። እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ጉልበታችሁን አላናንቅም። እኔ የጠየቅሁት ግን የሚመላለሱበትን ነው። ልጄን ጭነህ እዚች አቀበት በደረስህ ቁጥር መንደሩን ልትጠራ ነው? ዛሬስ በዓል ሆኖ ሰው ተገኘ።»

«የቆመችው ለማርያም ስል ነው፣ አባቴ። መውረድ ነበረብኝ።»

«መውረድህ ደግ ነው፤ አይቼዋለሁ። የኔም በቅሎ ዕድሜ ልኳን ማርያምን ስትሳለም ኖራለች። እኔ ስወርድ ግን አትሞትም።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ አልሳቅሁም፤ የምር ያልገባኝ ነገር ነበር።

«እርስዎ ሲወርዱ በቅሎዋ ምን ትሆናለች?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሳቁ ቆመ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከትልቅ ሰው ሰምተው አያውቁም። ማስታጠቢያ ይዛ የቆመችው ልጃቸው በአባቷ ፊት እንደሚገባው አንቱ ብላ መለሰችልኝ።

«መምህር፣ በቅሎ ላይ ተቀምጠው አያውቁም እንዴ? ሰው ነው እንጂ የሚወርደው፣ በቅሎ አትቆምም። ልጓሟን ይዘው እየሳቡ ነው የሚያልፉት። ካለፉ በኋላ ይወጡባታል።»

ለካ ስሕተቱ ይህ ነበር። መውረድን ከመቆም ጋር አንድ አድርጌ ወስጄዋለሁ። ጓደኛዬ እንኳ በበቅሎ ያደገ ሰው ሆኖ፣ መሪና ጎማ ሲያይ ጊዜ ልማዱን እንደ ሹፌር ተረጎመው። የእኔ መኪና ደግሞ ነዳጇ በእጅ ነው፤ ብሎኗ ከጠበቀች የተዉት ላይ ይቀራል። በአንደኛ ማርሽ ቀስ ስትል ፍጥነቷ የሰው እርምጃ ያህል ነው። ከዚህም በላይ ሁለት ሰው ሲወርድላት ከምትሸከመው ግማሹ ይቀንሳል። ይህን ለዘጠነኛ ክፍል በሰሌዳ ላይ ሳስረዳ ከርሜ፣ ዳገቱ ላይ ስደርስ ረሳሁት። አንድ ሰው ዳገት ላይ ከበቅሎው ሲወርድ ለታቦቱም ለበቅሎውም ነው የሚወርደው።

«አባቴ» አልሁ ተነሥቼ፣ «አንድ ጊዜ አብረውኝ ይውረዱና ይውጡ። ሰው ከነካት እኔ ዳግመኛ እዚህ ደጅ አልመጣም።»

ጓደኛዬ እጅጌዬን ጎተተ፤ አልሰማሁትም። አባቷም ጋቢያቸውን ደረቡ።

መኪናዋን ጅራቷን አንሥተው አዞሩልን። ቁልቁለቱ ቀላል ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ አቁመን ወርደን ተሳለምን፣ ከዚያ ለቀቅ ሳደርጋት በራሷ ክብደት ተነሣች። አባቷ በዴስኩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ በጭራቸው የሌለ ዝንብ ይከላከላሉ። ሜዳው ላይ ሰፊ ክብ ሠርቼ ዞርሁ፤ ተጫዋቾቹ ግራና ቀኝ ተከፈሉ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ወርዶ ኖሮ ማንም ወደ ዱላው አልተመለሰም። ሁሉም አቀበቱን ያያል።

በአንደኛ ማርሽ ገባሁበት። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲጀምር ነዳጁን በልኩ አድርጌ ብሎኗን አጠበቅሁ።

«አሁን ይውረዱ፣ አባቴ። እሷ አትቆምም።»

እሳቸው በቀኝ፣ እኔ በግራ ወረድን። እጄ ከመሪው አልተለየም። መኪናዋ ሸክሟ ሲቀል እንደ ማመንታት አለችና ድው፣ ድው፣ ድው እያለች በመካከላችን መውጣት ቀጠለች። አባቷ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጣፉ፤ አንገታቸውን ደፍተው ተሳለሙ፤ ከአፋቸው ጸሎት ይሰማኛል። እኔም እየተራመድሁ ተሳለምሁ። ከቅጥሩ ጫፍ ላይ እንደ ልማዷ ወደ ቀኝ ልታዘነብል ስትል አባቷ መዳፋቸውን ከአፍንጫዋ ላይ አሳርፈው፣ «ሃይ! ወዲያ!» አሏት። እኔ መሪውን ወደ ግራ መልሼው ነበር፤ እሳቸው ግን የታዘዘችው ለእሳቸው ስለ መሰላቸው ደስ አላቸው። እኔም ይህን አላስረዳኋቸውም። በሕይወቴ ሳላስረዳ የተውሁት ነገር ጥቂት ነው።

ቅጥሩን አለፍን። «ይውጡ» አልኋቸው። አንድ እግራቸውን አስቀድመው፣ እንደ ወጣት ዘለው ዴስኩ ላይ ተቀመጡ። እኔም ወጣሁ። ከሜዳው «ሆ» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ከላይ ከበሩ ደግሞ እልልታ ወረደ። ማንም ሳይነካት፣ ማንም ሳይገፋት፣ ጆሮዎቿን እያንቀጠቀጠች በሩ ድረስ ወጣች፤ እንግዶቹ ሸሽተው መንገድ ለቀቁላት። ደረቴ ከእኔ ቀድሞ የገባ ይመስለኛል።

አባቷ ወረዱ። ወደ ጋጣው ሄደው፣ ግንድ ላይ ከተሰቀለው ኮርቻ ጎን የበቅሎዋን የአንገት ጌጥ አወረዱ፤ በቀይ ጨርቅ ላይ ትናንሽ ቃጭሎች የተሰፉበት ነው። መጥተው ከመኪናይቱ አፍንጫ ላይ፣ በሁለቱ ጆሮዎች መካከል አሰሩት።

«በቅሎዬ አርጅታለች፤ አንገቷን ከብዷታል» አሉ ለማንም ሳይሆን።

እኒያ ቅድም መካን ናት ያሉት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ከጥምቀት ወዲያ ያለውን ቀን እንቁረጥ» አሉ።

አባቷ ቃጭሉን ነካ አድርገው ድምፁን ሰሙ። አልተቃወሙም። ልጃቸው ከበሩ ላይ ሆና መቀመጫውን ታይ ነበር።

«መምህር፣ ‹ፊዚክስ ይውደም› በሚለው ላይ ትራስ ይደረግበት» አለች። «እዚያ ላይ ተቀምጬ አልዳርም።»

ስንመለስ ጓደኛዬ ያን ረጅም አገውኛ ተረጎመልኝ። አባቷ ጠዋት ያሉት፣ «ይህ ጓደኛህ ደግ ልጅ ይመስላል፤ አሳዘነኝ፣ ምሳውን በልቶ ይሂድ» ነበር። ኬላው ላይ ስንደርስ ጠባቂው ቃጭሉን ሰምቶ ገመዱን አስቀድሞ አወረደ።

በጥር ወር ሙሽራዬ ትራሱ ላይ ተቀምጣ መጣች። አባቷ በማርያም ደጅ ቁልቁል ሲሸኙን ቃጭሉን በእጃቸው ይዘው እስከ ሜዳው ድረስ አብረው ወረዱ። ኋላም እሳቸው እንዳሉት ወረቀት መጣና ወደ ደምበጫ ተዛወርሁ፤ ርእሰ መምህሩም መኪናዋን ይዤ እንድሄድ ፈቀዱልኝ። መንገዱ ረዘመ እንጂ በዓል አልቀረብንም፤ ለገናም ለፋሲካም በዚያችው መኪና እንሄዳለን፣ አቀበቱ ላይ ስንደርስ ሁላችንም እንወርዳለን፣ እሷ ብቻ ትሄዳለች። እሳቸው መንገድ ዳር ቆመው አቧራ አልተቀበሉም። ቃጭሉ ከሞተሩ ቀድሞ ይሰማቸዋል መሰለኝ፣ ሁልጊዜ በራቸው ላይ ቆመው እናገኛቸው ነበር።

እሺ የሚለውን ቃል ግን አንድም ቀን ከአንደበታቸው አልሰማሁም።